ሮዙና ሰማያዊው፦ ሁለት የጋላክሲ ክላስተሮች ሲጋጩ ማን ያየዋል?

ስለ ሕዋ በሚወራበት ቦታ ሁሉ የሚዞር አንድ ምስል አለ። ጥቁር ሰማይ ነው፤ ላዩ ላይ ብርቱካናማና ነጭ ነጠብጣብ ተበትኗል። መሃሉ ላይ ሁለት ሮዝ ደመናዎች አሉ። ከእነሱ ግራና ቀኝ ደግሞ ሁለት ሰማያዊ ደመናዎች። በስተቀኝ ያለው ሮዝ እንደ ጥይት ጫፍ የሾለ ነው፤ ለዚህም ቡሌት ክላስተር ይሉታል። ከእኛ ያለው ርቀት ከ3 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ነው።

ፎቶ ይመስላል። ግን አንድ ካሜራ ያነሳው ነገር አይደለም። ነጠብጣቦቹ ጋላክሲዎች ናቸው፤ ሃብል የተባለው የሕዋ ቴሌስኮፕና ቺሊ ያለው የማጄላን ቴሌስኮፕ በተለመደው ብርሃን ያነሷቸው። ሮዙ ቻንድራ የተባለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ የመዘገበው ጋዝ ነው። ሰማያዊውን ደግሞ ጭራሽ ማንም አላየውም። በስሌት የተገኘ የክብደት ካርታ ነው፤ ቀለሙን የቀባው ሰው ነው። አረንጓዴ ቢያደርገውም ሳይንሱ አይለወጥም ነበር።

ይህን ምስል የሚያጋራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ዳርክ ማተር ነው፤ ስለማይታየው ቁስ። ልክ ነው፣ ዝነኛ ያደረገውም እሱ ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። ነጠብጣቡና ሮዙ አንድ ቦታ አይደሉም። የአንድ ግጭት ሁለት ምስክሮች ናቸው፣ የሚሰጡት ቃል ግን ይለያያል። እና እውቀቱ የተገኘው አንዱን አምኖ ሌላውን በመጣል አይደለም። ከልዩነታቸው ነው።

ከመሠረቱ ልጀምር። የጋላክሲ ክላስተር ማለት በስበት የተያያዙ ከመቶ እስከ ሺህ የሚደርሱ ጋላክሲዎች ናቸው። የኛዋ ፍኖተ ሐሊብ ከነከዋክብቷ በእንዲህ ያለ ክላስተር ውስጥ ብትገባ አንዲት ነጠብጣብ ነበር የምትሆነው። ታዲያ በዓይን የሚታየው፣ ማለትም የከዋክብቱ ክብደት፣ ከጠቅላላው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ከአሥር በመቶ ትንሽ የሚበልጠው በጋላክሲዎቹ መካከል የተዘረጋ ጋዝ ነው። የቀረው፣ ከአምስት እጅ አራቱ በላይ፣ ዳርክ ማተር ነው።

በክላስተሮች ውስጥ የማይታይ ነገር እንዳለ መጀመሪያ የጠረጠረው አስትሮኖመሩ ፍሪትዝ ዝዊኪ ነው፣ 1933 ላይ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኮማ በሚባለው ክላስተር ውስጥ ያሉትን ጋላክሲዎች ፍጥነት ተመለከተ። ከሚታየው ክብደት አንጻር በጣም ይፈጥናሉ፤ እንደዚያ እየሮጡማ ክላስተሩ ድሮ መበተን ነበረበት። የያዛቸው ሌላ ነገር አለ አለ። ሰውየው ጠባዩ አስቸጋሪ ነበር ይባላል፤ ለብዙ ዓመታት ሰሚ አላገኘም።

ጋዙ ግን የታወቀው ዘግይቶ ነው። ለዚህ ደግሞ ጎረቤታችን ኬንያ ድርሻ አላት። ታኅሣሥ 12 ቀን 1970፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከማሊንዲ ወደብ አጠገብ ባሕር ላይ ከቆመው የጣሊያኖች የሳን ማርኮ መድረክ አንዲት የናሳ ሳተላይት ተተኮሰች። ቀኑ የኬንያ የነጻነት በዓል ስለነበር በስዋሂሊ ኡሁሩ ተባለች። ሥራዋ የሰማይን ኤክስሬይ መቃኘት ብቻ ነበር፤ እንዲህ ያለች ሳተላይት ከእሷ በፊት አልነበረችም። የመሪው ሪካርዶ ጃኮኒ ቡድን ከመረጃው ውስጥ አንድ ያልተጠበቀ ነገር አገኘ። የጋላክሲ ክላስተሮች ራሳቸው በኤክስሬይ ያበራሉ፤ የሚያበራውም አንድ ነጥብ ሳይሆን የተንጣለለ አካባቢ ነው። ጃኮኒ በኤክስሬይ አስትሮኖሚ ሥራው 2002 ላይ ኖቤል ተሸልሟል። ስለ ምሥራቅ አፍሪካና ስለ ሕዋ ሲወራ ይህ ታሪክ ለምን እንደማይነሳ አይገባኝም። ኢኳተር አጠገብ መሆናችን ለትምህርት መጽሐፍ ካርታ ብቻ ሳይሆን ለሮኬትም ይጠቅማል።

ኤክስሬዩ ለምን ከሕዋ? አየራችን ስለሚውጠው ነው። ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ብትወጡም አይደርሳችሁም። እንጦጦ ላይ ያሉት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች የሚሠሩት በሚታይ ብርሃን ነው፤ ኤክስሬይ ለመቀበል ከአየር በላይ መውጣት ግድ ነው።

ጋዙ ራሱ ጉደኛ ነገር ነው። ሙቀቱ ከአሥር ሚሊዮን እስከ ከመቶ ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ያሞቀው እሳት አይደለም፤ ወደ ክላስተሩ የስበት ጉድጓድ ሲወድቅ ያገኘው ፍጥነት ወደ ሙቀት ተቀይሮ ነው። ግን ስስ ነው፤ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ሺህ ገደማ ቅንጣት ቢኖር ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ባዶ የምንለው ቦታ ከዚህ እጅግ የታጨቀ ነው። ሆኖም ክላስተሩ ሚሊዮኖች የብርሃን ዓመት ስለሚሰፋ ሲደመር ጋዙ ከከዋክብቱ ሁሉ በብዙ እጥፍ ይከብዳል።

እንግዲህ ሁለት እንዲህ ያሉ ነገሮች በስበት ተሳስበው ሲጋጩ አስቡት። ከትልቁ ፍንዳታ ወዲህ የዚህን ያህል ኃይል የሚለቅ ክስተት የለም ይላሉ ባለሙያዎቹ። ግን ጉዳዩ ቢሊዮን ዓመት የሚፈጅ ነው። ማንም ቁጭ ብሎ አያየውም። ከእያንዳንዱ ግጭት የምናገኘው አንዲት የቆመች ቅጽበት ናት፣ እሷም ከአንድ አቅጣጫ ብቻ። መቼ ተጋጩ? ገና እየተቃረቡ ነው ወይስ አልፈው ሄደዋል? ከፊትና ከኋላ ነው ወይስ ከጎንና ከጎን? ይህን ሁሉ ከዚያች ቅጽበት ማውጣት ነው ሥራው።

በሚታይ ብርሃን የሚሠሩት ሰዎች መንገድ ይህ ነው። መጀመሪያ የጋላክሲዎቹን ቦታ ይመዘግባሉ። የድሮዎቹ ይህን በዓይን ነበር የሚሠሩት፤ ጆርጅ ኤቤል የፓሎማርን የሰማይ ቅኝት ፎቶግራፎች እያየ በ1958 የ2,712 ክላስተሮች ዝርዝር አወጣ። ዛሬም ብዙዎቹ ክላስተሮች የሚጠሩት በእሱ ስምና ቁጥር ነው። ቦታ ብቻውን ግን ያታልላል። አንድ ላይ የሚታዩ ሁለት ጋላክሲዎች አንዱ ከሌላው በጣም ሩቅ ኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ብርሃን ወደ ስፔክትረም፣ ማለትም ወደ ቀለሞቹ፣ ይበትኑታል። ንጥረ ነገሮች በስፔክትረሙ ላይ የሚተዋቸው የታወቁ መስመሮች ምን ያህል ወደ ቀይ እንደተገፉ ከታየ ጋላክሲው በእይታችን አቅጣጫ ያለው ፍጥነት ይታወቃል። ይህ አንድ በአንድ ቢሠራ ዕድሜ ይፈጃል። ስለዚህ ብረት ላይ ለእያንዳንዱ ጋላክሲ አንድ ቀጭን ስንጥቅ ይበሳሉ፣ ያን ብረት ቴሌስኮፑ ላይ ያስቀምጣሉ፣ በአንድ ጊዜ የብዙ ጋላክሲዎችን ስፔክትረም ይወስዳሉ። የፍጥነቶቹን ግራፍ ሲያዩት አንድ ጉብታ ከሆነ ነገሩ የተረጋጋ ይመስላል። ሁለት ጉብታ ከሆነ ግን ሁለት ቡድን አለ ማለት ነው፤ ግጭት ይጠረጠራል።

ችግሩ ስፔክትረም የሚነግረን ወደ እኛ የሚመጣውን ወይም ከእኛ የሚርቀውን ፍጥነት ብቻ ነው። በጎን የሚሄደውን አያይም። ቡሌት ክላስተርን ውሰዱ። ሁለቱ ቡድኖች በዚህ ዘዴ ሲለኩ ልዩነታቸው በሰከንድ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ሆነ። ለክላስተር ግጭት ይህ ተራ ቁጥር ነው። ይህን ብቻ ይዞ የተቀመጠ ሰው ኃይለኛ ግጭት ፊቱ ላይ እንዳለ በምንም አያውቅም። ሁለቱ የሚሄዱት ከሞላ ጎደል በጎን ነው፣ ለእኛ ልክ እንደ ግድግዳ ሥዕል።

ኤክስሬይ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ኤክስሬይ በተራ መስታወት አይያዝም፤ ፊት ለፊት ከመጣ ዘልቆ ይገባል። በጣም በጠፍጣፋ አንግል ሲመጣ ብቻ ይንሸራተታል። ስለዚህ የቻንድራ መስታወቶች እንደ ሳህን ሳይሆን እንደ በርሜል ናቸው፤ አራት ጥንድ፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተሰካኩ። ቻንድራ በሐምሌ 1999 በኮሎምቢያ መንኮራኩር ወጣች፤ እስካሁንም እየሠራች ነው። የእይታዋ ጥራት ከዚያ በፊት በኤክስሬይ አልታየም።

ደስ የሚለው ነገር የቻንድራ ዳታ ለሁሉም ክፍት መሆኑ ነው። ለጠየቀው ተመራማሪ አብዛኛውን ጊዜ የተወሰነ ጊዜ ብቻውን እንዲሠራበት ይሰጠዋል፤ ከዚያ የዓለም ሕዝብ ንብረት ነው። ፈቃድ የለ፣ ክፍያ የለ። ኔትወርኩ ከፈቀደ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎም ይወርዳል። የቡሌት ክላስተርን ጥሬ ፋይል አውርጄ በነጻ ሶፍትዌር ከፍቼ አይቼዋለሁ። ማንም ቢያየው ደስ የሚለው አይመስለኝም። ሮዝ የለም። ደመናም የለም። ያለው ነጥብ ነው፤ በግራጫ ላይ የተረጨ ነጥብ፣ መሃሉን የካሜራው ቺፖች ክፍተት እንደ መስቀል ሰንጥቆት። ፋይሉ በእውነቱ ሰንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ፎቶን፣ ማለትም አንዲት የብርሃን ቅንጣት ነው፦ መቼ ደረሰ፣ የት ላይ አረፈ፣ ጉልበቱ ስንት ነው። በቃ። ዝነኛው ምስል የተሠራው ከዚህ ነው፤ ተደምሮ፣ ተለስልሶ፣ ተቀብቶ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ጥሬውን እመርጣለሁ። እያንዳንዷ ነጥብ ከ3 ቢሊዮን ዓመት በላይ ተጉዛ የመጣች ናት፣ አንድ በአንድ ተቆጥራ።

ፎቶኖቹ አንድ በአንድ ስለሚቆጠሩም ነው ጊዜ የሚፈጀው። 2004 ላይ ቻንድራ ይህን ክላስተር ስታይ፣ ቀደም ብሎ ከታየው ጋር ሲደመር፣ ጠቅላላው 500,000 ሰከንድ ገደማ ሆነ። ወደ 140 ሰዓት ማለት ነው።

ከነጥቦቹ ሁለት ነገር ይወጣል። የት ላይ እንደበዙ ስናይ የጋዙን ጥግግት እናገኛለን። እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ነገር አለ፤ ብርሃኑ የሚያድገው በጥግግቱ ካሬ ነው። ጥግግቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከፊት ወይም ከኋላ የተደረበ ስስ ነገር እንደ ጋላክሲዎቹ በቀላሉ አያታልልም። ሁለተኛው ጉልበታቸው ነው። ከጉልበቶቹ ክፍፍል የጋዙ ሙቀት ይወጣል፤ የብረት መስመርም ይታያል። አዎ፣ ብረት። ከዋክብት ፈንድተው ወደ ጋዙ የበተኑት ብረት።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ክፍል ለኔ ከሁሉ የሚጣፍጠው ነው። በኤክስሬይ ምስል ላይ አንዳንዴ ስለታም ጠርዝ ይታያል፤ ከአንድ ወገን ደማቅ፣ ከሌላው ወገን ደብዛዛ። ለዓይን ወዲያው የሚመጣው ሐሳብ ሾክ ነው፤ ከድምፅ የፈጠነ ነገር ከፊቱ የሚገፋው ሞገድ። ቻንድራ ሥራ በጀመረች በዓመቱ፣ 2000 ላይ፣ ኤቤል 2142 በሚባለው ክላስተር ውስጥ እንዲህ ያለ ጠርዝ አሳየች። ማክሲም ማርኬቪች እና ባልደረቦቹ ከጠርዙ ወዲህና ወዲያ ሙቀቱን ለኩ። ሾክ ቢሆን ኖሮ ደማቁ ወገን ይሞቃል፤ ተጨፍልቋልና። የሆነው ተገላቢጦሽ ነው። ደማቁ፣ ጥቅጥቁ ወገን ቀዝቃዛው ነበር። ግፊቱ ደግሞ በሁለቱም ወገን እኩል ነው። ስለዚህ ይህ ሾክ አይደለም። ጥቅጥቅ ያለ ቀዝቃዛ ጋዝ በሙቁ ጋዝ ውስጥ ሲንቀሳቀስ የሚሠራው ድንበር ነው። ኮልድ ፍሮንት ብለው ጠሩት። ከዚያ ወዲህ በየክላስተሩ ሲፈለግ ብዙ ተገኘ።

ልብ በሉ፣ ሁለቱ ጠርዞች በምስል አይለዩም። አንዱ የፈጣን ግጭት ምልክት ነው፣ ሌላው ቀስ ብሎ የሚንገዋለል ጋዝም ሊሠራው ይችላል። የሚለያቸው ቴርሞሜትር ነው። የሚያምር ምስል አይቶ ታሪክ ለሚሠራ ሰው (ብዙዎቻችን እንደዛ ነን) ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው።

ቡሌት ክላስተር ውስጥ ሁለቱም አሉ። የጥይቱ ጫፍ ራሱ ኮልድ ፍሮንት ነው። ከፊቱ ደግሞ ትክክለኛ ሾክ አለ፤ እዚያ ከጠርዙ በኋላ ያለው ጋዝ በጣም ሙቅ ነው። ማርኬቪች እና ባልደረቦቹ ይህን በ2002 አሳወቁ። በሾኩ ወዲህና ወዲያ ያለው ጥግግት ሲነጻጸር ፍጥነቱ ከድምፅ ሦስት እጥፍ ያህል ሆነ። ጋዙ ሙቅ ስለሆነ ድምፅ ራሱ እዚያ ፈጣን ነው። በኪሎ ሜትር ሲሰላ በሰከንድ 4,700 ገደማ ወጣ። ያ ከስፔክትረም የወጣው 600 ምን ይሁን? ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዱ ወደ እኛ ያለውን፣ ሌላው በጎን ያለውን ነው የለካው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲቀመጡ ግጭቱ ለእኛ በጎኑ እንደተዘረጋ ይነግራሉ። አንዱ ብቻ ቢሆን ይህን አናውቅም ነበር።

በጎን መሆኑ ዕድል ነበር። የ2006ቱ ዝነኛ ሥራ የቆመው በዚያ ላይ ነው። ዳግላስ ክሎ እና ባልደረቦቹ የክላስተሩን ክብደት በስበት ሌንስ ለኩ። ከክላስተሩ በስተኋላ ያሉ የሩቅ ጋላክሲዎች ብርሃን በስበቱ ሲታጠፍ ቅርጻቸው ትንሽ ይለጠጣል። በአንድ ጋላክሲ ላይ ምንም አይታወቅም፤ ጋላክሲ ሲፈጠርም ሞላላ ሊሆን ይችላል። በብዙ ጋላክሲዎች አማካይ ግን ይወጣል። ይህ ደግሞ የሚታይ ብርሃን ሥራ ነው። ውጤቱ ያ ሰማያዊ ካርታ ሆነ።

የንብ አርቢ ጭስ የከበባቸውን ሁለት የንብ መንጋዎች አስቡ። ሁለቱ መንጋዎች ፊት ለፊት ቢገናኙ ንቦቹ በመካከላቸው ባለው ክፍተት ይተላለፋሉ፤ ጭሱ ግን ከጭስ ጋር ተጋጭቶ መሃል ላይ ይቀራል። ጋላክሲዎቹ ንቦቹ ናቸው፣ ጋዙ ጭሱ። ታዲያ ከሚታወቀው ቁስ አብዛኛው ጋዝ ስለሆነ ዳርክ ማተር የሚባል ነገር ባይኖር የስበቱ ማዕከል መሃል ላይ፣ ከሮዙ ጋር መሆን ነበረበት። አልሆነም። ከጋላክሲዎቹ ጋር ተላልፎ ሄዷል። ክብደቱን የያዘው ነገር እንደ ጋዝ የማይጋጭ ነገር ነው ማለት ነው። ስበትን ራሱን በመለወጥ ሁሉን ለማስረዳት ለሚሞክሩት ከባድ ጥያቄ ሆነባቸው። የመጨረሻ ቃል ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ እስከዚያ አልሄድም፣ ግን ከዚህ የጠራ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

ያ 4,700 ደግሞ ራሱ ሌላ ክርክር አስነሳ። በጣም ፈጣን ነው፤ ጽንፈ ዓለም በታወቀው መንገድ ካደገ እንዲህ የሚሮጥ ክላስተር መገኘት የለበትም የሚሉ ተነሱ። በ2007 ፎልከር ሽፕሪንገልና ግሌኒስ ፋራር ግጭቱን በኮምፒውተር ደገሙት። የሾኩ ፍጥነት የክላስተሩ ፍጥነት አይደለም ብለው አሳዩ። ከፊት ያለው ጋዝ ራሱ በስበት ተስቦ ወደ ጥይቱ እየመጣ ነው፤ ሾኩ የሚለካው ከእሱ አንጻር ነው። የክላስተሩ የራሱ ፍጥነት ሲወጣ በሰከንድ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በታች ሆነ። ጋዙ ስለ ራሱ እውነት ተናገረ፤ ስለ ጓደኛው እንደተናገረ አድርገን የሰማነው እኛ ነን።

ሁሉም ግጭት እንዲህ ያምራል እንዳትሉ። ኤቤል 520 የሚባል ሌላ ግጭት አለ፤ አስትሮኖሞቹ የባቡር አደጋ ነው የሚሉት። በ2007 የወጣ ሥራ እዚያ ዳርክ ማተሩ መሃል ላይ፣ ከጋዙ ጋር፣ ጋላክሲ በሌለበት ቦታ ተከምሯል አለ። ከቡሌት ክላስተር ጋር ፊት ለፊት የሚጋጭ ነገር ነው። በ2012 አንድ ቡድን በሃብል አይቶ አዎ አለ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን፣ እሱም በሃብል፣ አላየሁም አለ። ክርክሩ ከዚያም በኋላ ቀጥሏል። ስለ ቡሌት የሚያወሩ ጽሑፎች ይህን ዝም ብለው ማለፋቸው አይመቸኝም። ሁለቱን አንድ ላይ ነው ማንበብ።

የቀረው ትልቅ ክፍተት የጋዙ ፍጥነት ነው። ጋላክሲ ወደ እኛ ይምጣ ወይም ይራቅ ስፔክትረሙ ይነግረናል። ጋዙ ግን? የብረቱ መስመር መንቀሳቀስ አለበት፤ የቻንድራ ካሜራ ግን ያን ያህል ረቂቅ ለውጥ አይለይም። የጃፓን ሂቶሚ ሳተላይት ለዚህ ተሠርታ በየካቲት 2016 ወጣች። የፐርሲየስን ክላስተር አየች፤ የጋዙ ንውጠት በሰከንድ 164 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን ለካች። ከወር ትንሽ ቆይታ በመቆጣጠሪያ ሥርዓቷ ስህተት መሽከርከር ጀመረች፣ ተሰባበረች። ያን ሁሉ ዓመት የሠሩትን ሰዎች አስቤ አዝኛለሁ።

ተተኪዋ ክሪዝም በመስከረም 2023 ወጣች። እሷም እንከን አላጣትም፤ የመለኪያዋ መከለያ አልከፈት ብሎ ደካማ ጉልበት ያላቸው ኤክስሬዮች አይገቡም። ደግነቱ የብረቱ መስመር ጉልበቱ ከፍ ያለ ስለሆነ መከለያውን አልፎ ይገባል፤ የክላስተር ሥራ ብዙም አልተጎዳም። 2025 ላይ ስለ ቅርቡ የሴንታውረስ ክላስተር የወጣው ውጤት ጋዙ መሃል ላይ ካለው ትልቅ ጋላክሲ አንጻር በሰከንድ ከ130 እስከ 310 ኪሎ ሜትር እየተንገዋለለ እንደሆነ አሳየ። ያለፈ ግጭት የተወው እንቅስቃሴ ነው ተብሎ ይታመናል። የጋዙ ፍጥነት ከኤክስሬይ የመጣ ነው፣ የጋላክሲው ከሚታይ ብርሃን። ውጤት ተብሎ የታተመው ቁጥር የሁለቱ ልዩነት ነው።